ከምረቃው ማግስት
ቤትና መስጊድ ስናንጽ የምንረሳው ሒሳብ

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሶላትና ሰላም በመልእክተኛው በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ሕንፃን የተመለከተ ነው። አካባቢን የማይጎዳ፣ ውሃና ኃይል የማያባክን፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቤትና መስጊድ መንደፍ ለምን እንደሚከብድ ጥቂት ልንል ነው። ርዕሱን ስትሰሙ "ይህ የመሐንዲሶች ነገር ነው" ብላችሁ ሬዲዮኑን እንዳትዘጉብን አደራ እንላለን። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ ሳይሆን ከእኛው ስብሰባ ነው። ይህንንም የምንለው በራሳችን ላይ ስለደረሰ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በምንሰግድበት ሰፈር አንድ አሮጌ መስጊድ ነበረ። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ውፍረቱ ክንድ የሚያህል፣ መስኮቶቹም ትናንሽ ነበሩ። ጀመዓው እየበዛ ሲሄድ ጠበበን። ለጁሙዓ ግማሹ ሰው በበጋ ፀሐይ ላይ፣ በክረምት ጭቃ ላይ ይሰግድ ነበር። ስለዚህ እንደገና ይሠራ ተባለ፤ ኮሚቴ ተመረጠ፤ ከእኛም ውስጥ የገባን ነበርን። እናቶች የጆሮ ወርቃቸውን አውልቀው ሰጡ። ዐረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን ከደመወዛቸው ላይ ላኩ። ገንዘቡ እንዲህ ያለ ገንዘብ ነበር።

ሁለት ንድፍ ቀረበልን። አንደኛው ወደ አስፋልቱ ያለው ፊቱ ከላይ እስከ ታች በመስታወትና በአልሙኒየም የተለበጠ ነበር። ሁለተኛው ወፈር ያለ ግድግዳ፣ መጠነኛ መስኮትና ሰፊ በረንዳ ያለው፣ ለዓይን እምብዛም የማይማርክ ነበር። አስፋልቱ የሚገኘው በምዕራብ በኩል ነው። አንድ በዕድሜ የገፉ ሐጂ ንድፉን ገልብጠው ካዩ በኋላ፣ "ልጆቼ፣ ይሄ መስታወት ከዙህር እስከ ዐስር ማንን ሊያበስል ነው?" አሉ። ሳቅን። ከዚያም እጃችንን ለመስታወቱ አወጣን።

መስጊዱ ተመረቀ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ፎቶው ዐረብ አገር ድረስ ተላከ። የመጀመሪያው በጋ ሲመጣ ግን በዐስር ሶላት የምዕራቡ ጎን ባዶውን መቅረት ጀመረ። ሰው ሰፍ መሙላት እንዳለበት እያወቀ እግሩ ወደ ምሥራቅ ይሸሻል። ቬንትሌተር ተገዛ። አልበቃም። ወፍራም መጋረጃ ተገዛ። መጋረጃው ሲዘጋ ውስጡ ጨለመና ጠራራ ፀሐይ እያለ አምፖል መብራት ጀመረ። "ብርሃን ያስገባል" ተብሎ የገባው መስታወት በቀን መብራት የሚያስበራ ሆኖ አረፈው። ዛሬ በየወሩ ከጁሙዓ በኋላ የመብራትና የውሃ ሒሳብ ይነበባል፤ ለሒሳቡም ይለመናል። ሐጂው አሁንም ከእኛ ጋር ይሰግዳሉ። አንድም ቀን "ብያችሁ ነበር" አላሉንም።

እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ከዚሁ የወጣ ነው። የአንድ ሕንፃ ትልቁ ዋጋ የሚከፈለው ከምረቃው ማግስት ጀምሮ ነው። የሚከፍለው ደግሞ ንድፉን የመረጠው ሰው ላይሆን ይችላል። አካባቢን የማይጎዳ ሕንፃ መንደፍ የሚከብደውም በዋነኛነት ከዚህ የተነሣ ነው።

ሰደቃ ጃሪያ ሲባል

መስጊድን ለአላህ ብሎ የገነባ ሰው አላህ በጀነት ቤት እንደሚገነባለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አብሥረዋል። ሰው ከሞተ በኋላም የማይቋረጥበት ሥራ ሰደቃ ጃሪያ፣ ማለትም የሚፈስ ምጽዋት እንደሆነ አስተምረዋል። እኛ ፈትዋ ሰጪዎች አይደለንም፤ ፈትዋውን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። ሆኖም አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። እኛ ከሞትን በኋላ ከሠራነው መስጊድ ወደ ጀመዓው የሚፈሰው ምንድን ነው? ጥላና ዕረፍት ነው ወይስ በየወሩ የሚነበብ ዕዳ?

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ በመዲና ሲታነጽ ግድግዳው በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያውም የተምር ቅርንጫፍ እንደነበረ ቡኻሪ ዘግበዋል። ሁሉም እዚያው አጠገባቸው የሚገኝ ነገር ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) ሲያሰፉት በዚያው ዓይነት አሰፉት፤ ሰውን ከዝናብ እንዲከልል እንጂ በቀለም ልቡን እንዳይሰርቀው አሠሪውን አሳሰቡ። ከዚያ ዑሥማን (ረ.ዐ.) መጡና በተጠረበ ድንጋይና በኖራ፣ ጣሪያውንም ከሩቅ በመጣ ጥሩ እንጨት አሠሩት። ይህን ሁለተኛውን የምናነሣው ሆን ብለን ነው። "ጭቃ ብቻ ነው ሱናው" የሚል መደምደሚያ ላይ ሰው እንዳይደርስ። ጠንካራ ነገር መጠቀም አልተከለከለም። የተወገዘው ኢስራፍ፣ ያለ ጥቅም ማባከን ነው።

የየአገሩ ችግር ይለያያል

በዓለም ደረጃ ሕንፃዎችና የግንባታ ሥራ በአንድ ላይ ከኃይል ጋር ተያይዞ ከሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ከሲሦ የሚበልጠውን ያስወጣሉ። በአውሮፓ የዚህ ትልቁ ክፍል ቤት ለማሞቅ የሚነደው ነዳጅ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ደግሞ ቤት ለማቀዝቀዝ የሚሠራው ኤሲ ነው። የእኛ ግን ከሁለቱም ይለያል። አብዛኛው ደጋችን ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የማይጠይቅ አየር አላህ ሰጥቶታል። ኤሌክትሪካችንም ከዘጠና በመቶ በላይ ከውሃ የሚመነጭ ነው።

ታዲያ የእኛ ሕንፃ አካባቢውን የሚጎዳው በምኑ ነው? ከሁሉ በላይ በሚሠራበት ዕቃና በሚያፈስሰው ውሃ ነው። ሲሚንቶን እንውሰድ። ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል ነው። ለማቃጠያው የድንጋይ ከሰል ይነዳል፤ ድንጋዩ ራሱም ሲቃጠል በውስጡ የያዘውን ካርቦን ይተፋል። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ፋብሪካ እስኪወጣ ድረስ ከግማሽ ኩንታል በላይ ጋዝ ወደ ሰማይ ወጥቷል ማለት ነው። አልሙኒየሙና መስታወቱም ብዙ ኃይል የሚበሉ፣ ብዙውን ጊዜም በውጭ ምንዛሬ የሚገቡ ናቸው።

አንዳንድ ወንድሞች "ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ መብራት ካለ ስለ ቬንትሌተር ምን አስጨነቀን?" ይሉናል። አልሐምዱሊላህ፣ ግድቡ የሚያስደስት ነው። ግን መብራት ለሌለው ገበሬ ወንድማችን ሊደርስ የሚችለውን ኃይል በመጋረጃ ያጨለምነውን ክፍል ለማብራት ማዋል ኢስራፍ ካልሆነ ሌላ ምን ልንለው ነው?

ቂብላና ፀሐይ

አሁን የምናነሣው እኛን ራሳችንን በጣም ያስገረመን ነገር ነው። ከአዲስ አበባ ቂብላችን ወዴት ነው? ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ዘንበል ብሎ። ከደሴ ከሞላ ጎደል ቀጥታ ሰሜን ነው። ከጅማ ትንሽ ይበልጥ ወደ ምሥራቅ፣ ከሐረርና ከድሬዳዋ ትንሽ ወደ ምዕራብ ዘንበል ይላል። በጥቅሉ የአገራችን ሰጋጅ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞራል ብንል ብዙ አንሳሳትም።

ሰፍ የሚዘረጋው በቂብላው አግድም ነው። ስለዚህ ሰፉ ረጅም እንዲሆን ታስቦ የተሠራ የእኛ አገር መስጊድ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይረዝማል። ረጃጅሞቹ ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ፣ አጫጭሮቹ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ይመለከታሉ። የሕንፃ ባለሙያዎች ደግሞ ለእንደኛ ያለ ለምድር ወገብ ቅርብ የሆነ አገር የሚመክሩት ይህንኑ አቀማመጥ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ስለምትል የምሥራቁንና የምዕራቡን ግድግዳ ፊት ለፊት ትመታለች። ከዚህ ዓይነት ፀሐይ የጣሪያ ክፈፍ አያድንም፤ በክፈፉ ሥር ሾልካ ትገባለች። በሰሜንና በደቡብ በኩል ግን እኩለ ቀን ላይ ወደ አናት ቀርባ ነው የምታልፈው። በአዲስ አበባ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል፣ በቀሪው ጊዜ በደቡብ በኩል ታልፋለች። ወደ ደቡብ በጣም በምታዘነብልበት በታኅሣሥ ወር እንኳ ቀትር ላይ ከአድማስ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ስድሳ ሳንቲ ሜትር የወጣ ክፈፍ በዚያ ሰዓት ከሥሩ ያለውን ግድግዳ እስከ አንድ ሜትር ገደማ ያጠላለታል። ያለ ምንም መሣሪያ፣ ያለ ምንም ወርሃዊ ክፍያ!

ይህን ጸጋ ለማነጻጸር ጅዳን እንይ። መካ ከጅዳ በምሥራቅ በኩል ስለሆነች የጅዳ መስጊድ ረጃጅም ግድግዳዎቹ የሚመለከቱት ምሥራቅና ምዕራብን ነው። የዚያ አገር ንድፍ አውጪ በዚያ ሙቀት ፀሐይን ፊት ለፊት መታገል አለበት። እኛ ዘንድ ግን ቂብላው ራሱ ሕንፃውን በትክክለኛው አቅጣጫ ያስቀምጥልናል። እኛ በሰፈራችን ያደረግነው ምንድን ነው? አጭሩንና መደፈን የነበረበትን የምዕራቡን ግድግዳ፣ አስፋልቱ በዚያ በኩል ስላለ ብቻ በመስታወት ከፈትነው። ቀዝቃዛ ብርሃን የሚመጣበትን የሰሜኑን ጎን ከአጥሩ ጋር አጣብቀን ደፈንነው።

በእርግጥ ከተማ ውስጥ ቦታው እንደፈለግን አይገኝም። የተሰጠው መሬት ቅርጹ ጠማማ፣ መንገዱም ከቂብላው ጋር የማይገጥም ይሆናል። ሕንፃው ከመንገዱ ጋር ቀጥ ይበል ሲባል ሰፉ ውስጥ ለውስጥ ሰያፍ ይሄዳል፤ ማዕዘኖቹ ባክነው ይቀራሉ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ የሚፈታውም ንድፉ ገና በወረቀት ላይ እያለ በመነጋገር ብቻ ነው። ግድግዳ ከቆመ በኋላ ፀሐይን አስፈቅዶ ማዞር አይቻልም።

መስኮት፣ መጋረጃና የቤታችን ገበና

ወደ መኖሪያ ቤታችን እንምጣ። ብዙ ቤተሰቦች ዐረብ አገር ካለ ልጃቸው የቪላ ፎቶ ይላክላቸውና "እንደዚህ ይሠራልን" ይላሉ። ትልቅ መስኮት ይገጠማል። ከዚያ ጎረቤት ፎቅ ይሠራና መስኮቱ ወደ መስኮት ይሆናል። እህቶቻችንና እናቶቻችን በገዛ ቤታቸው ሻሻቸውን ማውረድ ይቸግራቸዋል። ስለዚህ መጋረጃው ከጠዋት እስከ ማታ ይዘጋል፤ አየሩ ይታፈናል፤ በቀን መብራት ይበራል። ልጆች በዚያ እልፍኝ ውስጥ ያድጋሉ።

ሰው ቤት ሲገባ ማስፈቀድ የተደነገገው ለዓይን ሲባል እንደሆነ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። ስለዚህ ለሙስሊም ቤተሰብ የሚነድፍ ባለሙያ ከብርሃንና ከአየር ጋር ገበናን አብሮ ማሰብ ይገባዋል። እኛም ይህን ልንነግረው ይገባል፤ ካልነገርነው አያውቅልንም።

የቀድሞዎቹ ይህን ፈትተውት ነበር። ያ ፎቶው የሚላክበት አገር፣ ጅዳ፣ አሮጌው ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከባሕር በወጣ የዛጎል ድንጋይ የታነጹት ቤቶቿ መስኮታቸው ሮሻን የሚባል ነው። ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ፣ በእንጨት ፍርግርግ የተሸፈነ ነው። ነፋስ ያስገባል፤ ፀሐይን ይሰብራል። ውስጥ ያለችው ወደ ውጭ ታያለች፤ ውጭ ያለው ወደ ውስጥ አያይም። እኛ ከጅዳ የኮረጅነው ይህን ሳይሆን ከእሱ በኋላ የመጣውንና ያለ ኤሲ የማይኖርበትን ቤት ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ሐረር ጀጎል (እሷም እ.ኤ.አ. በ2006 ተመዝግባለች) ቤቶቿ ድንጋይ በጭቃ ተገንብቶ የተለሰኑ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ ፊታቸውን ወደ ግቢያቸው ያዞሩ ናቸው። በመንገዱ በኩል የሚያዩት ግድግዳና በር ነው። ብርሃኑ የሚገባው ከግቢው ነው። ወፍራም ግድግዳ ቀን የወሰደውን ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ቀን ይቀዘቅዛል፣ ሌሊት ይሞቃል። ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ብርድ ለሆነው ለደጋው ሰውም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

በጭቃና በድንጋይ ያልሠራ ወንድም ደግሞ ቢያንስ ቆርቆሮውን ይመልከት። የዛገ ቆርቆሮ ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፤ ሌሊት ፈጥኖ ይበርዳል። ኮርኒስ ማድረግ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አየር የሚወጣበት ቀዳዳ መተው፣ ሲታደስም ነጣ ያለ ቀለም መምረጥ ከቬንትሌተር በፊት የሚመጣ ነገር ነው። መስኮት ሲቀመጥም ለአንዱ ክፍል በሁለት ግድግዳ ይሁን። ከዓይን በላይ ከፍ ብሎ የተሠራ መስኮት ብርሃኑን ሰጥቶ ገበናን ይጠብቃል። ይህ ሁሉ በንድፉ ላይ እርሳስ ከማንቀሳቀስ በቀር ብዙ ወጪ የለውም።

የውዱእ ውሃ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በትክክለኛ ሐዲሥ ተዘግቧል። ሙድ በሁለት መዳፍ ሙሉ የሚለካ መስፈሪያ ሲሆን ከአንድ ሊትር በታች ነው። የሚፈስ ወንዝ ዳር ሆነው እንኳ ውሃ ማባከን እንደማይገባ ለሶሓባው መናገራቸው የሚታወቅ ዘገባ ነው፤ በሰንሰለቱ ላይ ዑለማዎች ቢነጋገሩበትም።

አሁን የእኛን ቧንቧ እንይ። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ከሥሩ አስቀምጡና ሰዓት ያዙ። ብዙ ቧንቧ በደቂቃ 6 ሊትርና ከዚያ በላይ ያወርዳል። አንድ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ እጅጌውን እየሰበሰበ ሁለት ደቂቃ ቢቆይ 12 ሊትር ነው። ሦስት መቶ ሰው ለአንድ ሶላት 3,600 ሊትር! በአንድ ሊትር ኢብሪቅ ቢሆን 300 ሊትር። ልዩነቱ ሰፈሩ ውሃ በፈረቃ በሚያገኝበት ሳምንት ጎረቤት ጀሪካን ይዞ እየተሰለፈ የሚፈስ ውሃ ነው።

ይህንን በስብከት ብቻ መፍታት አይቻልም፤ ስንት ዓመት ሰብከናል። ንድፍ ግን ይፈታዋል። ሲጫኑት ጥቂት አፍስሶ ራሱ የሚዘጋ ቧንቧ አለ። መቀመጫው ከውሃው ጋር ሲቀራረብ ሰው ኢብሪቅ ለመጠቀም ይመቸዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የውዱእ ቦታው ፍሳሽ ከመጸዳጃው ፍሳሽ እንዲለይ ቱቦው ገና ሲቀበር መወሰን አለበት። ለውዱእ ያገለገለ ውሃ በሻፊዒይም ሆነ በሐነፊይ መዝሀብ በታወቀው አቋም ራሱ ንጹሕ ነው፤ ሌላውን የማንጻት ብቃቱ ግን ይቀራል። ስለዚህ ዳግመኛ ውዱእ ባይደረግበትም ለመጸዳጃ ቤት ማፍሰሻና ለዛፍ ማጠጫ ይውላል። በሳዑዲ ዐረቢያ የታላላቅ ዑለማዎች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ከዚህም አልፎ፣ የቆሸሸ ፍሳሽ ሙሉ በሙሉ ተጣርቶ ቀለሙ፣ ጣዕሙና ሽታው ከተመለሰ ለጠሃራ እንኳ ሊያገለግል እንደሚችል ወስኗል። አንዴ ሁለቱ ቱቦዎች ሲሚንቶ ሥር ከተቀላቀሉ ግን ለመለየት ወለሉን መስበር ነው። እኛም የተቀላቀለብን እንዲሁ ነው።

የጣሪያ ውሃስ? በ100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1,000 ሊትር ነው። አንድ የሐምሌ ዶፍ ሮቶ ይሞላል። ችግሩ ክረምታችን አጭር፣ በጋችን ረጅም መሆኑ ነው። ለበጋው ሁሉ የሚበቃ ማጠራቀሚያ በጣም ትልቅና ውድ ይሆናል። ስለዚህ የጣሪያ ውሃ በጋውን ይሸፍናል ብለን ሰውን አናታልል፤ ክረምቱንና የበልጉን ወራት ግን በደንብ ያግዛል።

ጭቃው ለምን ተጠላ?

ጭቃ ርካሽና አካባቢን የማይጎዳ ከሆነ ለምን ሁሉም በእሱ አይሠራም? ይህን ጥያቄ በሕይወቱ ሙሉ የተሸከመ አንድ ግብፃዊ ሙስሊም መሐንዲስ ነበረ። ሐሰን ፈትሒ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 1989 የኖረ ነው። በ1940ዎቹ መንግሥት በሉቅሶር ምዕራብ፣ በጥንት መቃብሮች ላይ የሰፈሩትን የጉርና ነዋሪዎች ለማንሣት ሲፈልግ አዲሱን መንደር እንዲሠራ ተሰጠው። እንጨትና ብረት ውድ ስለነበር ከአስዋን አካባቢ ያለ እንጨት ድጋፍ በጭቃ ጡብ ጉልላት መሥራት የሚያውቁ ግንበኞችን አመጣ። መስጊድ፣ ገበያ፣ ቤቶች ሠራ። ውብ ናቸው፤ ቀዝቃዛ ናቸው። ሰዎቹ ግን አልገባም አሉ። ኑሯቸው ከመቃብሮቹ ጋር የተያያዘ ነበር፤ መነሣቱን አልፈለጉም። ጉልላቱንም የመቃብር ቤት ምልክት አድርገው ነው ያዩት። በጉልላት ሥር መተኛት ማን ይወዳል? ሥራው ሳይጠናቀቅ ቆመ።

ፈትሒ በኋላ በዓለም ተከበረ፤ መጽሐፉም ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩበት ሆነ። እኛ ግን የምንወስደው ጉልላቱን ሳይሆን እምቢታውን ነው። ለሰው ጥሩ የሆነው ነገር ሰውየው ካልተጠየቀበት አይኖርበትም። በእኛም አገር "የጭቃ ቤት" ማለት የድህነት ስም ሆኗል። ልጅ ሲድር "ብሎኬት ነው ወይ?" ተብሎ የሚጠየቅ ቤተሰብ ፊት ስለ ካርቦን ብንናገር ማን ይሰማናል?

ደግሞም እውነቱን እንናገር። የድሮው ሁሉ ጥሩ አይደለም። ባህላዊው የጭቃ ቤት ብዙ እንጨት ይበላል፤ ምስጥ ይወደዋል፤ በየጊዜው መለሰን ይፈልጋል፤ የሚለስነው ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እናት ናት። ድካሙን ስለማንቆጥር ነው ርካሽ የመሰለን። አፈርን በማሽን አምቆ፣ ከአሥር እጅ አንዱን የማይበልጥ ሲሚንቶ ጨምሮ የሚሠራ ብሎኬት ከሁለቱ መካከል ያለ መንገድ ነው። ይሁንና አፈሩ መመርመር አለበት። እርጥብ ሲሆን የሚያብጠው፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ጥቁር ዋልካ አይሆንም፤ ቀይ አፈር ይሻላል። መሠረቱም ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ መነሣት፣ ክፈፉም ወጣ ማለት አለበት። ይህን የሚያውቅ ግንበኛ ማግኘት ዛሬ ቀላል አይደለም።

የካምብሪጁ መስጊድና የኛ ኪስ

በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተ መስጊድ አለ። አንድ ሺህ ያህል ሰጋጅ ይይዛል። ምሰሶዎቹ እንደ ዛፍ ተጠላልፈው ጣሪያውን የተሸከሙ እንጨቶች ናቸው። በቀን ብርሃኑ ከጣሪያ ይገባል፤ የዝናብና ያገለገለ ውሃ ለመጸዳጃና ለአትክልት ይውላል፤ በጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ተተክሏል። ስንሰማ ደስ አለን። ወጪው ግን 23 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ነው! ይህን የሰማ ኮሚቴ "እንግዲያውስ ይህ የሀብታም ነገር ነው" ብሎ ወደ መስታወቱ ቢመለስ አይፈረድበትም።

ሆኖም ከዚያ መስጊድ የምንቀዳው ዋጋውን አይደለም። ከላይ የሚገባው ብርሃንና የተለየው የውሃ ቱቦ በእኛም ገንዘብ ይሠራል። የፀሐይ ማመንጫው ሊቆይ ይችላል። ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው የሚጎዳው። የምዕራቡን ግድግዳ በመስታወት ከፍቶ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ማመንጫ መትከል የተቀደደ ጆንያ እየሞሉ መሸከም ነው።

በየሰፈሩ ንድፍ የሚቀርብላችሁ የኮሚቴ ወንድሞችና እህቶች፣ መሐንዲሱን "ስንት ይፈጃል?" ብላችሁ እንደምትጠይቁት ሁሉ "በወር ስንት ይፈጃል? መብራት ሲጠፋ በዐስር ሰዓት ውስጡ ምን ይመስላል? ውሃው የት ይሄዳል?" በሉት። ለሴቶች የተመደበውን ክፍልም ጠይቁ። ብዙ ቦታ ከቆርቆሮው ሥር ያለው፣ መስኮት የሌለው፣ በጣም የሚሞቀው ክፍል እሱ ነው። እህቶች በኮሚቴው ውስጥ ቢኖሩ ይህ ከመሠራቱ በፊት ይታይ ነበር።

የእኛን መስጊድ በተመለከተ ባለፈው ዓመት እንደገና ተሰብስበን ነበር። መስታወቱን ለማንሣት ገንዘብ የለንም፤ የተሰጠውም የእናቶች ወርቅ ስለሆነ አፍርሶ መጣል ከበደን። ቧንቧዎቹን ቀየርን። የውዱእ ቦታውን ወለል ሰብረን ፍሳሹን ለየን፤ አሥራ አምስት ቀን ውዱእ በጀሪካን ሆነ። ለምዕራቡ ጎን ግን መላ አጣን። በዚህን ጊዜ ሐጂውን ጠርተን ጠየቅናቸው። "ዋንዛ ትከሉ" አሉ። "ቶሎ ያድጋል፤ ጥላው ሰፊ ነው።" አንዱ ወጣት "ሐጂ፣ እስኪያድግስ?" አላቸው። "እስኪያድግማ ትሞቃላችሁ" አሉና ሳቁ፤ አሁን ተራው የእሳቸው ነበር። ስድስት ችግኝ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ተተክሏል። የሚጠጣው የውዱእ ውሃ ነው። ዘንድሮ ትልቁ የሰው ትከሻ ደርሷል።